ያልተመዘነው ጠበል

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በመታወቂያዬ ስልሳ ሞልቶኛል፤ እናቴ በሕይወት ኖራ ብትጠየቅ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሳትጨምርበት አትቀርም። ሥራዬ አውሮፕላን ላይ የሚወጣውን ሰውና ዕቃ መመዘንና መጫን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላውን ስጭን ኖሬ እኔ ራሴ የተሳፈርሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አልተመቸኝም።

በሽኝቱ ቀን መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ነገር አደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። አዲሶቹ ሠልጣኞች ከኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ንግግር ይወዳል። ተነሣና ለሠልጣኞቹ እንዲህ አላቸው።

"ጋሽ ዘለቀን እዩአቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ አንድ ስህተት የለባቸውም። በትንሿ ሜዳ ጊዜ ስለደረሰው አደጋ ተምራችኋል። ሙሉነህ የሚባል የክብደት ኃላፊ የቀኑን ሙቀት አሳስቶ ጽፎ አውሮፕላኗ ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ገባች። ያ ሰውዬና ጋሽ ዘለቀ በአንድ ሚዛን ነው የሠሩት። ልዩነቱ ጥንቃቄ ነው።"

ተጨበጨበ። እኔ ጋቢዬን ለብሼ እንደቆምሁ ነበር።

ያ ንግግር ልክ አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው። አያ ሙሉነህ የእኔን ስህተት ተሸክመው አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ይህን የምጽፈው ስማቸውን ለመመለስ ነው። ጽሑፍ ላይ ደካማ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ አራተኛ ክፍል ላይ አቆምሁ። የፊደል ግድፈት ያየ ይለፈኝ። የቁጥር ስህተት ካገኘ ግን ይምጣና ይንገረኝ፤ በቁጥር ማንም አይቀድመኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትንሿ ሜዳ የምላት ትልቁን የባሕር ዳር አየር ማረፊያ አይደለም። እሱ ረጅም ነው፣ ትልልቁ አውሮፕላን ያርፍበታል። የእኛዋ ከከተማው ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር የነበረች የጠጠር ሜዳ ናት። ዛሬ ቤት ተሠርቶባታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኔ እግር አንድ ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ነበረች። በአንደኛው ጫፏ ባሕር ዛፍ፣ በሌላኛው ደንገሉና ሐይቁ። ድርጅቱም እንደ ሜዳዋ ትንሽ ነበር። ሁለት አውሮፕላን ብቻ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዙ። በአውቶቡስ ቀን ተኩል የሚፈጀውን የቆላ መንገድ በአንድ ሰዓት ያደርሳሉ። ትኬቱ ርካሽ ስለነበረ ሕዝቡ የአየር ሚኒባስ ይላቸው ነበር። ርካሽ ያደረጋቸው ሁለት ነገር ነው። ወንበር ባዶ አይሄድም፤ አውሮፕላኑም መሬት ላይ አይቆምም። ባረፈ በሃያ ደቂቃ መነሣት አለበት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የመጣው ይወርዳል፣ የሚሄደው ይመዘናል፣ ይጫናል። ላብ እንደ ውኃ ነው።

እኔ ከዚያ በፊት የመራዊን ድንች በጭነት መኪና ላይ እጭን ነበር። ኩንታል ተሸክሜ የኖርሁ ስለሆነ ማንኛውንም ነገር በእጄ አንሥቼ ክብደቱን መናገር እችላለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ሜዳዋ ጫኝ ትፈልጋለች ሲሉ ሰምቼ ሄድሁ። የተቀበሉኝ የክብደት ኃላፊው አያ ሙሉነህ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሙቀትም ቢሆን ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው።

"ምን ትችላለህ?" አሉኝ።

"ሚዛን አያስፈልገኝም። አንሥቼ እነግርዎታለሁ።"

አንድ ሻንጣ አቀረቡልኝ። አነሣሁት። "ሃያ ሦስት ኪሎ" አልሁ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሃያ ሦስት ተኩል ሆነ። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ደስ አላላቸውም።

"ግማሹን ኪሎ ማን ይሸከመው?"

"ግማሽ ኪሎ ምን አላት፣ አያ?"

"አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚሳፈረው። በእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ስትተው ስድስት ኪሎ ነው። እጅ ይዋሻል። ሲደክመው ይዋሻል፣ ሰውዬውን ሲወድ ይዋሻል። ሚዛን ማንንም አይወድም።"

ቢሆንም ቀጠሩኝ። ደመወዙ ከድንቹ ብዙ አይበልጥም፤ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ሜዳዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችን እንሄዳታለን። ከሐይቁ ጉማሬ ወጥቶ ሳር ሲግጥ ያድርና ሜዳዋን አቋርጦ ይመለሳል። እግሩ የረገጠበት እንደ ድስት ይጎደጉዳል። ያን ጉድጓድ በጠጠር ሞልተን በእግራችን እንረግጠዋለን፤ አለበለዚያ ጎማ ይሰብራል። "ይሄ ሰውዬ ትኬት ሳይቆርጥ ሲመላለስ ስንት ዓመቱ ነው?" ይላሉ አያ ሙሉነህ፤ ጉማሬውን ነው። በየመቶ እርምጃው ዳር ዳሩን ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አስቀምጠው ነበር፤ አሥራ አንድ ድንጋይ ነው። አውሮፕላኗ ስትነሣ ጎማዋ በስንተኛው ድንጋይ ላይ መሬት እንደለቀቀ አይተው በደብተራቸው ይጽፋሉ። ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ድንጋዩን። በየቀኑ፣ በየበረራው። ማንም አላዘዛቸውም።

ከዚያ ወደ ሚዛኑ። የእህል ነጋዴ የሚመዝንበት ዓይነት መቆሚያ ያለው ሚዛን ነው። ከሐይቁ ዳር ያመጧት ጥቁር፣ ለስላሳ ድንጋይ ነበረቻቸው፤ ልክ ሃያ ኪሎ ናት። ከማንም በፊት እሷን ሚዛኑ ላይ ያወጧታል። ሃያ ካለች ሥራ ይጀመራል። ካላለች ሚዛኑ እስኪስተካከል ማንም አይሳፈርም። ቀጥለው ጫማቸውን አውልቀው ራሳቸው ይቆማሉ። ሃምሳ ዘጠኝ። ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ ሰባት።

ሰውም እንደ ሻንጣው ይመዘናል። ሴቶች ያፍራሉ። ወንዶች ሆዳቸውን ይስባሉ፤ ሆድ ተስቦ የሚቀል ይመስል። በጀመርሁ ሰሞን አንዲትን ሴትዮ መዝኜ "ዘጠና አራት" ብዬ ጮህሁ። ሴትዮዋ የምትገባበት ጠፋት። አያ ሙሉነህ ጠሩኝና፣

"የሰው ክብደት የሰው ገመና ነው" አሉኝ። "ከዛሬ ጀምሮ በሰሌዳ ጽፈህ አሳየኝ።"

ከዚያ ወዲህ እኔ ውጭ ሚዛኑ ጋ ሆኜ በትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። እሳቸው ከቆርቆሮ ቤታቸው በመስኮት አይተው በጭነት ወረቀቱ ላይ ያሰፍራሉ። እኔ ያልጻፍሁትን እሳቸው አያዩትም። ይህን ያዙልኝ።

ሁሉ ሲያልቅ ከመስኮቱ ብቅ ይሉና "የቀረ አለ?" ይላሉ። እኔ "የለም" እላለሁ። ያን ጊዜ ይፈርማሉ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬአቸው ስሠራ ይህን ሳይጠይቁ ፈርመው አያውቁም።

ስለ ሙቀቱም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞቃት አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፍ አይሸከምም። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰው የምታነሣው አውሮፕላን በመጋቢት ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ብቻ ታነሣለች። ረጅም ሜዳ ቢሆን ትንሽ ትሮጥና ትነሣለች። የእኛዋ ግን አጭር ናት። "ሜዳዋ አትለጠጥም" ይላሉ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ አለቃ በከሰዓት አሥራ አንድ ሰው ካልተጫነ ብሎ ሙጭጭ አለ። ወንበር ባዶ ሄደ ብሎ ነው። አያ ሙሉነህ አልተከራከሩም። እስክሪብቶአቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት።

"ይፈርሙ" አሉት።

"እኔ ለምን እፈርማለሁ?"

"አሥራ አንድ ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ዘጠኝ ነው ያልሁት።"

ሰውዬው እስክሪብቶውን ትንሽ ይዞ ቆየና መለሰላቸው። ዘጠኝ ሰው ሄደ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። እጄ ከብዶኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ።

መጋቢት ነው፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ተሳፋሪ አለን። ሁሉም ከሐይቁ ገዳማት ተሳልመው ወደ ቆላ አገራቸው የሚመለሱ ምእመናን ናቸው። የሚመሯቸው አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ አጭር፣ ቀልደኛ እማሆይ። ሰዎቹን መዘንሁ። ጓዛቸውን መዘንሁ። በሰሌዳ ጻፍሁ፣ አያ ሙሉነህ በመስኮት አዩ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ። ባለ አምስት ሊትር። ጠበል ነው።

"እማሆይ፣ ጀሪካኑን ሚዛኑ ላይ ያድርጉልኝ" አልሁ።

እማሆይ ሚዛኑን አዩት። ጠዋት ለአንድ ሆቴል የሚሄድ ዓሣ ተመዝኖበት ነበር። ታጥቧል፤ ሽታው ግን አለ።

"ይሄ ላይ? በሁዳዴ ዓሣ የተጋደመበት ላይ?"

"ደግሜ እጠርገዋለሁ።"

"ልጄ፣ ጠበል እኮ ነው። የአባቶች በረከት ስንት ኪሎ ነው ልትለኝ ነው?"

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ "በእቅፋችን እንይዘዋለን፤ ቦታ አንይዝባችሁ" አለ። እማሆይም፣ "እንግዲህ በእኛ ጭን ላይ ከሆነ የአንተን አውሮፕላን ምን ይከብደዋል?" አሉ።

በእቅፍ የተያዘ ነገር እንደማይቀል አውቃለሁ። ድንች ጫኝ ያን ካላወቀ ማን ያውቃል? ነገር ግን ጠበልን ዓሣ በተመዘነበት ብረት ላይ ማውጣት ድፍረት መሰለኝ። ሰውነቴ እንቢ አለ። ጀሪካኑ ሸክም ሆኖ አልታየኝም። እማሆይ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው መረቁኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ። ከዚያ አንድ በአንድ አሳፈርኋቸው። ጀሪካኑን በነጠላቸው ሸፍነው ታቀፉት።

አያ ሙሉነህ ከመስኮቱ ብቅ አሉ።

"ዘለቀ፣ የቀረ አለ?"

"የለም።"

ፈረሙ።

አብራሪዋ ካፒቴን ሰብለ ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ጎበዝ ልጅ። ሞተሩን አስነሥታ ከባሕር ዛፉ በኩል ወደ ሐይቁ ሮጠች። አያ ሙሉነህ እንደ ልማዳቸው እርሳስና ደብተር ይዘው ወጥተው ድንጋይ ይቆጥራሉ። ሰባተኛውን አለፈች። ስምንተኛውን አለፈች፣ ጎማዋ መሬት ላይ ነው። ዘጠነኛውን ስታልፍ አያ ሙሉነህ እርሳሱን ጣሉ። አሥረኛው ላይ አፍንጫዋ ቀና አለና ተመልሶ ወረደ። ካፒቴን ሰብለ ሞተሩን ቀንሳ ፍሬን ያዘች። ሜዳዋ አለቀች። ደንገሉን ሰንጥቃ ገብታ ጭቃው ውስጥ ዘመም ብላ ቆመች።

ሮጥሁ። ጭቃው እስከ ጭን ይደርሳል። በሩን ከፍተን ሰዎቹን አንድ በአንድ አወጣን። የሞተ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የካፒቴን ሰብለ ጉልበት ተሰብሯል። የእማሆይ ክንድም ተሰብሯል። በጀርባዬ አዝያቸው ስወጣ ጆሮዬ ሥር፣ "ልጄ፣ ጠበሉ አልፈሰሰም?" አሉኝ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የተጎዱትን አያ ሙሉነህ ሐኪም ቤት አደረሷቸው። የቀሩት ጀሪካኖቻቸውን ከጭቃው ለቅመው፣ አጣጥበው፣ በመጣላቸው መኪና ጫኑ። የፈሰሰውም ያልፈሰሰውም እሳቸው ሳይመለሱ ሄደ። አያ ሙሉነህ ሲመለሱ ሱሪያቸው ጭቃ እንደለበሰ አሥራ አንደኛው ነጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ዘለቀ።"

"አቤት፣ አያ።"

"የቀረ ነገር ነበር?"

ጊዜው ይህ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የመጨረሻዋ ገና ጡት አልጣለችም። ተመልሼ ድንች ልሸከም ነው አልሁ በልቤ። ዓይናቸውን ሳላይ፣

"የለም" አልሁ።

"እሺ" አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

መርማሪዎች በማግስቱ መጡ። ተሳፋሪዎቹን ዕቃ ሁሉ ተመዝኖ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሁሉም አዎ አሉ፤ አልዋሹም። ጠበልን ዕቃ ብሎ የሚቆጥር ማን አለ? ወረቀቱ ሲታይ ክብደቱ ልክ ነው። ክብደቱ ልክ ከሆነ አውሮፕላኗ መነሣት ነበረባት። ስለዚህ የተሳሳተው ሙቀቱ ነው ተባለ። ሙቀቱን የጻፉት ደግሞ አያ ሙሉነህ ናቸው። "ሙቀቱን አልተሳሳትሁም" አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አልደገሙትም። ከሥራ ተሰናበቱ።

ሲሄዱ ደብተራቸውን ብቻ ይዘው ወጡ። ሃያ ኪሎዋን ድንጋይ በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓትና፣ "ጠዋት ጠዋት እንዳትረሳት" አሉኝ። እሱ ነው የገደለኝ።

ድንጋይዋን አልረሳኋትም። ድርጅቱ ወደ ትልቁ አየር ማረፊያ ሲዛወር በባጃጅ ጭኜ ወሰድኋት። ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚታይ አዲስ ሚዛን ሲመጣ ልጆቹ ሳቁብኝ፤ "ጋሽ ዘለቀ፣ ይሄ እኮ ራሱን ያስተካክላል" አሉ። እንቢ አልሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ድንጋይዋን አወጣኋት። ሰው ጎበዝ ሠራተኛ ነው ይለኝ ነበር። አንድም ነገር ሳልመዝን አላሳለፍሁም፤ የሕፃን ጡጦ ሳይቀር። ጥንቃቄ አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

አያ ሙሉነህ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ፣ እህል ቤት ውስጥ ሚዛን ያዙ ሲሉ ሰማሁ። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ እጅ ነሥቼ በሌላው በር እወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በሌላው በር ወጣሁ።

ያ የሽኝት ንግግር በተደረገ በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ዘንዘልማ ሄድሁ። እርሻ የነበረው ሁሉ ቤት ሆኖ ሰፈሩ ጠፋኝ። የባጃጅ ሹፌር ጠየቅሁ። "የሚዛኑን ሽማግሌ ነው?" ብሎ በራቸው ላይ አወረደኝ። አያ ሙሉነህ ግቢያቸው ውስጥ ዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው አብጧል። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል።

"ማነው?"

"ዘለቀ ነኝ።"

"የትኛው ዘለቀ?"

"የሚዛኑ።"

አዩኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ።

"ወፍረሃል። ሰባ አራት?"

"ሰባ ስድስት።"

"ዓይኔ ደክሟል። ተቀመጥ።"

አልተቀመጥሁም። ብቀመጥ እንደማልናገረው አውቄአለሁ። እንደቆምሁ ሁሉን ነገርኋቸው። ጠበሉን፣ ዓሣውን፣ እቅፉን፣ "የለም" ያልሁትን፣ ሁለቱንም ጊዜ። ሲያበቃ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ስንት ጀሪካን?"

"ምን?"

"ስንት ጀሪካን ነበር?"

"አሥራ ስምንት። ባለ አምስት ሊትር።"

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እያሰሉ ነው።

"ከነጀሪካኑ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት ኪሎ። እኔ ሰማንያ አምስት ነበር ያልሁት" አሉ። "ብዙም አልተሳሳትሁ።"

ነገሩ አልገባኝም። እሳቸው ቀጠሉ።

"በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ክብደት ስምንተኛው ድንጋይ ላይ መነሣት ነበረባት። አሥረኛው ላይ አፍንጫዋን ብቻ ነው ያነሣችው። ደብተሬ አለ፣ የስንት ዓመት ድንጋይ ተጽፎበታል። ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሰማንያ አምስት ኪሎ የሚሆን ነገር ሳይጻፍ ገብቷል። ምን እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻልሁም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ምን ብዬ? ያልተመዘነ ነገር ልጻፍ? አንተን ጠየቅሁህ። የለም አልህ።" ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። "የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁህ። ቆየህ እንጂ መጣህ።"

እኔ በዚያ ዕድሜዬ አለቀስሁ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ነጠላህን ሚዛኑ ላይ አንጥፈህ፣ ጠበሉን ተሳልመህ መመዘን አቅቶህ ነው?" አሉኝ። አልተቆጡም። ተማሪያቸው ቀላል ሒሳብ ሲሳሳት እንዳየ አስተማሪ ነበር አነጋገራቸው።

"አላሰብሁትም።"

"አዎ። አላሰብኸውም።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱስ ይቅር። እኔን የሚያሳስበኝ እነዚያ ልጆች ናቸው። ሙቀት ተሳሳተ ብለው ካስተማሯቸው ሙቀቱን ብቻ ነው የሚጠብቁት። በእቅፍ የሚገባውን ማን ይነግራቸዋል?"

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሁሉን ነገርሁት። ልጁ ደነገጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ጋሼ፣ አሁን ይሄን ማንሣት ምን ይጠቅማል? ያለፈ ነገር ነው። የእርስዎም ስም አለ።"

"የእኔ ስም የሌላ ሰው ነው። ልመልስ ነው የመጣሁት።"

"ጡረታ ወጥተዋል። ይረፉ እንጂ።"

"አላርፍም። ሥልጠናው ይታረም።"

"በቃል አይታረምም። በጽሑፍ መግባት አለበት። እርስዎ ደግሞ ጽሑፍ…"

"እጽፋለሁ።"

ጋቢውን አጥፌ ይዤው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። "ይሄ ስህተት ለሌለበት ሰው ነው የተሰጠው" አልሁ። ልጁ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሠልጣኞቹ ወዳሉበት ክፍል ወሰደኝ። እዚያ ቆሜ አሁን የጻፍሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ሠልጣኝ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ነገ ጠበል የያዘ ሰው ቢመጣብኝ እና አይመዘንም ቢለኝ ምን ልበል?"

"ነጠላሽን ሚዛኑ ላይ አንጥፊ። ተሳለሚ። ከዚያ መዝኝ። ነጠላዋን መቀነስ እንዳትረሺ፤ እሷም ክብደት አላት።" ድንጋይዋን ከሚዛኑ ሥር አምጥቼ ለእሷ ሰጠኋት። ስታነሣት ተንገዳገደች። ስወጣ ሥራ አስኪያጁ ተከትሎኝ መጣና ጋቢውን ትከሻዬ ላይ መልሶ ጣለ። "ይሄ ለሃያ ሁለቱ ዓመት ነው፣ ጋሼ። ጽሑፉ ሲገባ የሥልጠናውን ወረቀት አርማለሁ" አለ። ተቀበልሁት።

ይህን ጽፌ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ወደ ቢሮ ከማስገባቴ በፊት ግን የሚፈትሽልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እስከዚህ ያለውን ትናንት ዘንዘልማ ሄጄ ለአያ ሙሉነህ አንብቤላቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ዛሬ ነው የጨመርሁት።

ዘይቱኑ ሥር ተቀምጠን አነበብሁ። ቀስ እያልሁ ነው የማነብ፤ አንዳንዱን ቃል ራሴ ጽፌው ራሴ አጣዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ጉማሬው ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። አለቃው እስክሪብቶውን የመለሰበት ጋ "ሁለት ደቂቃ ያህል ይዞት ነበር" ብለው አረሙኝ። ደንገሉ ጋ ስደርስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍሁ። ዓይናቸውን ገለጡ።

"የቀረ አለ?" አሉኝ።

"አለ" አልሁ።

ተነሥቼ በሩ አጠገብ ያስቀመጥሁትን ቢጫ ጀሪካን አምጥቼ እግራቸው ሥር አኖርሁት። ለጉልበታቸው ብዬ ማለዳ ያስቀዳሁት ጠበል ነው።

"መዝነኸዋል?"

"መንገድ ላይ፣ ሽንኩርት ከምትሸጥ ሴት ሚዛን ላይ። ነጠላዬን አንጥፌ። ሴትዮዋ ያበድሁ መስሏት ነበር። ነጠላው ተቀንሶ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።"

አያ ሙሉነህ ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን በአንድ እጃቸው ያዙ። ከመሬት ትንሽ አነሡት። እንደዚያ ይዘውት ቆዩና ቀስ ብለው አወረዱት።

"ልክ ነው" አሉ።